የብርሃንና የጥላ ሠዓሊ፤ የዮሐንስ ቬርሜር የሕይወት ታሪክ

ታላላቅ ሰዎች ሲባል ብዙውን ጊዜ ትዝ የሚሉን በጦር ሜዳ ድል ያደረጉ ነገሥታት፥ ባሕር ተሻግረው አዲስ አገር ያዩ መርከበኞች፥ ወይም አዲስ መሣሪያ ፈልስፈው ዓለምን ያስደነቁ ሊቃውንት ናቸው። ዛሬ ታሪኩን ለአንባብያን የማቀርበው ሰው ግን ከእነዚህ ወገን አይደለም። ከተወለደባት ከተማ እምብዛም አልራቀም፤ ጦር አልመራም፤ መጽሐፍም አልጻፈም። ሥራው በአንዲት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ከመስኮት የሚገባው ብርሃን በግድግዳ፥ በልብስና በሰው ፊት ላይ እንዴት እንደሚያርፍ፥ ጥላውም ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ እየተመለከተ መሣል ብቻ ነበር። ይህ ሰው ሆላንዳዊው ሠዓሊ ዮሐንስ ቬርሜር ነው። ሲሞት ዕዳ እንጂ ሀብት አልተወም፤ ከሞተም በኋላ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ስሙ ተረስቶ ኖረ። ዛሬ ግን ሥዕሎቹን ለማየት የብዙ አገር ሰው ባሕር እየተሻገረ ይሄዳል። ይህ እንዴት ሊሆን እንደ ቻለ በአጭሩ እተርካለሁ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢው እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ።

ቬርሜር የተወለደው ዴልፍት በምትባል የሆላንድ ከተማ ነው። ክርስትና የተነሣውም ጥቅምት 31 ቀን 1632 ዓ.ም. በዚያችው ከተማ በሚገኘው አዲስ ቤተ ክርስቲያን በሚባለው ደብር ነበር። አባቱ ሬይኒየር በወጣትነቱ የሐር ጨርቅ ሽመና የተማረ ሲሆን፥ በኋላ የእንግዳ ማረፊያ ቤት ከፈተ፤ ከዚህም ጋር ሥዕል እየገዛ ይሸጥ ነበር። በ1641 ዓ.ም. በከተማይቱ የገበያ አደባባይ ላይ ሜኸለን የተባለውን ትልቅ ቤት ገዝቶ ማረፊያ ቤቱን ወደዚያ አዛወረው። ስለዚህ ልጁ ዮሐንስ ያደገው መንገደኛና ነጋዴ በሚገባበትና በሚወጣበት፥ ሥዕልም እንደ ሌላው ሸቀጥ ዋጋ በሚቈረጥበት ቤት ነው። እናቱ ዲኽና ትባል ነበር፤ በዕድሜ ብዙ የምትበልጠው አንዲት እኅትም ነበረችው።

የዚያን ዘመን ሆላንድ ሳናውቅ የቬርሜርን ሥራ ልንረዳ አንችልም። አገሪቱ ከእስፓኝ ንጉሥ አገዛዝ ለመውጣት ሰማንያ ዓመት ያህል ተዋግታ በ1648 ዓ.ም. በተደረገው የሰላም ውል ነፃነቷ ታወቀላት። መርከቦቿ እስከ ሩቅ ምሥራቅ ድረስ እየሄዱ ቅመም፥ ሐርና ሸክላ ስለሚያመጡ ነጋዴዎቿ በለጸጉ። በሃይማኖት በኩል ደግሞ ፕሮቴስታንቶች ሥልጣኑን በመያዛቸው የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ከሥዕል ባዶ ሆነ። በሌላው አገር ሠዓሊ እንጀራውን የሚያገኘው ከቤተ ክርስቲያንና ከቤተ መንግሥት ነበር፤ በሆላንድ ግን ገዢው ነጋዴው፥ ጠማቂውና ዳቦ ጋጋሪው ሆነ። እነዚህም ሰዎች በቤታቸው ሊሰቅሉት የሚፈልጉት የራሳቸውን ኑሮ የሚያሳይ ሥዕል ነበር፤ ወተት የምትቀዳ ሠራተኛ፥ ደብዳቤ የምታነብ ወይዘሮ፥ በገበታ ዙሪያ የሚጫወቱ እንግዶች፥ ከሁሉም ይልቅ በሙዚቃ መሣሪያ ዙሪያ የተሰበሰቡ ወጣቶች።

ሙዚቃ በእነዚህ ሥዕሎች ውስጥ ይህን ያህል የበዛበት ምክንያት አለው። በባለጸጋ ቤት የምታድግ ልጃገረድ መሣሪያ መምታት መማሯ የጨዋነት ምልክት ነበር። አንድ ጐልማሳ ወደ ቤቷ መጥቶ አብሯት ቢዘፍን ወይም ትምህርቷን ቆሞ ቢያዳምጥ የሚነቅፈው አልነበረም። ስለዚህ ዘፈኑ ለሁለቱ የመቀራረቢያ ምክንያት ይሆናቸዋል፤ አፍ አውጥተው ሊናገሩት ያፈሩትን ነገር ክሩ ይናገርላቸዋል። የዚያ ዘመን ጸሐፊዎችም አንዱ ክር ሲመታ አጠገቡ ያለው ሳይነካ እንደሚንቀጠቀጥ አይተው ይህን በሁለት ልቦች መስለውት ነበር። ኼራርድ ቴር ቦርኽ፥ ያን ስቴንና ኻብሪኤል ሜትሱ የተባሉት ሠዓልያን ሁሉ ይህን ነገር ሣሉ፤ ቬርሜርም የሄደው በዚሁ በተጠረገው መንገድ ነው። ልዩነቱ የሌሎቹ ሥዕል ብዙ ጊዜ ሳቅና ጨዋታ ሲሞላበት የእርሱ ግን ዝምታ የሰፈነበት መሆኑ ነው።

ቬርሜር ሥዕልን ከማን እንደ ተማረ የሚገልጽ ሰነድ አልተገኘም። አባቱ በጥቅምት ወር 1652 ዓ.ም. ሲሞት እርሱ ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ካታሪና ቦልነስ የምትባል ልጃገረድ ሊያገባ ፈለገ። እርስዋ ግን የካቶሊክ ቤተ ሰብ ልጅ ስትሆን እርሱ ያደገው በፕሮቴስታንት ቤት ነው። በሀብትም ቢሆን የካታሪና እናት የማሪያ ቲንስ ቤት ከማረፊያ ቤት ጠባቂው ቤት ይበልጥ ነበር። እናቲቱ በመጀመሪያ በጋብቻው ስምምነት ላይ አልፈርምም አሉ። በዚህ ጊዜ ሌዮናርድ ብራመር የተባለው ስመ ጥር የዴልፍት ሠዓሊ ከአንድ የጦር ሻምበል ጋር ሆኖ ሽማግሌ ገባ። ወይዘሮ ማሪያም አልፈርምም ባሉበት ቃል ቢጸኑም ጋብቻውን እንደማይከለክሉ ተናገሩ። ሠርጉ ሚያዝያ 20 ቀን 1653 ዓ.ም. ስኺፕላይደን በተባለች ትንሽ መንደር ተፈጸመ። ቬርሜርም በዚህ ጊዜ የሚስቱን ሃይማኖት እንደ ተቀበለ አብዛኞቹ የታሪክ ሊቃውንት ያምናሉ። መጀመሪያ ፊታቸውን ያጠቈሩበት እኒህ አማት በኋላ ዋና ደጋፊው ሆኑ፤ ቤተ ሰቡም ካቶሊኮች በብዛት በሚኖሩበት ሰፈር በእርሳቸው ቤት ገብቶ ተቀመጠ። ቬርሜር ከሥዕሎቹ አብዛኞቹን የሣለው በዚህ ቤት እንደ ሆነ ይታመናል።

በዚያው ዓመት በታኅሣሥ 29 ቀን ወደ ቅዱስ ሉቃስ ማኅበር ገባ። ይህ ማኅበር የሠዓልያንና የልዩ ልዩ ባለ እጆች ማኅበር ሲሆን፥ የማኅበሩ አባል ያልሆነ ሰው በከተማይቱ ሥዕል ሊሸጥ አይፈቀድለትም ነበር። ወንጌላዊው ሉቃስ የእመቤታችንን ሥዕል እንደ ሣለ በእኛም አገር ስለሚነገር ማኅበሩ በእርሱ ስም የተጠራበት ምክንያት ለአንባቢ እንግዳ አይሆንም። የመግቢያው ገንዘብ 6 ጊልደር ነበር፤ አዲሱ ሙሽራ ግን ያን ጊዜ ሊከፍል የቻለው 1 ጊልደር ከ10 ስቱይቨር ብቻ ነው። የቀረውን ዕዳ የጨረሰው ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ በ1656 ዓ.ም. ነው። እንዲህ ሆኖ የጀመረው ሰው በ1662 ዓ.ም. ከማኅበሩ አለቆች አንዱ ሆኖ ተመረጠ፤ በ1670 ዓ.ም. ደግሞ ሁለተኛ ተመረጠ።

ወደ ማኅበሩ በገባ በዓመቱ በዴልፍት ከተማ ታላቅ መቅሠፍት ደረሰ። ጥቅምት 12 ቀን 1654 ዓ.ም. የባሩድ ግምጃ ቤቱ ፈንድቶ የከተማይቱን አንድ ክፍል ደመሰሰው። ከመቶ ሰው በላይ ሞተ፤ የቈሰለውም እጅግ ብዙ ነው። ከሞቱት መካከል ካሬል ፋብሪሲዩስ የተባለ የ32 ዓመት ሠዓሊ ነበረ። ፋብሪሲዩስ የታላቁ የሬምብራንት ደቀ መዝሙር ሲሆን፥ መምህሩ ሰዎችን በጨለማ ውስጥ አቁሞ ብርሃን ሲያበራባቸው እርሱ ግን በብሩህ ግድግዳ ፊት ያቆማቸው ነበር። ቬርሜር የፋብሪሲዩስን ሥዕሎች በቤቱ ይዞ ነበር፤ ብሩህ ግድግዳን ማክበርም ከእርሱ ያየው ትምህርት ሳይሆን አይቀርም። የቬርሜር የመጀመሪያ ሥራዎች የመጽሐፍ ቅዱስና የጥንት ተረት ታላላቅ ሥዕሎች ነበሩ። ከ1657 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ግን እስኪሞት ድረስ ወደማይለቃት ወደዚያች ክፍል ገባ፤ መስኮቱ በስተግራ፥ ጠረጴዛው በመካከል፥ ግድግዳው በስተኋላ።

አሁን ከሥራዎቹ አንዱን ቀረብ ብለን እንመልከት። በ1662 እና በ1665 ዓ.ም. መካከል የሣለውና የሙዚቃ ትምህርት ተብሎ የሚጠራው ሥዕል ቁመቱ 74፥ ወርዱም 65 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። አንዲት ወጣት ጀርባዋን ለእኛ ሰጥታ በቨርጂናል ፊት ቆማለች፤ ቨርጂናል ፒያኖ ሳይሠራ በፊት የነበረ፥ እንደ ሣጥን ያለ ባለ ክር መሣሪያ ነው። በስተቀኝዋ አንድ ጨዋ ሰው ቆሞ ይመለከታታል። መሬቱ ነጭና ጥቁር እብነ በረድ ነው። ከእኛ አጠገብ ጠረጴዛው በምሥራቅ አገር ምንጣፍ ተሸፍኖ ነጭ ማንቈርቈሪያ ተቀምጦበታል። ከወጣቲቱ በስተኋላ ባዶ ወንበርና ማንም ያልያዘው ቪዮላ ዳ ጋምባ የተባለ ትልቅ ባለ ክር መሣሪያ ወለሉ ላይ ተጋድሞ ይታያል። ይህ ዝም ያለ መሣሪያ ሁለተኛ ሰው እንደሚጠብቅ ያስታውቃል፤ ዘፈኑ በአንድ ሰው ብቻ አይፈጸምምና። በቨርጂናሉ ክዳን ላይም ሙዚቃ ለደስታ ጓደኛ፥ ለኀዘን ደግሞ መድኃኒት መሆኑን የሚገልጽ የላቲን ጽሕፈት አለ።

ከግድግዳው ላይ መስተዋት ተሰቅሏል። ከጀርባዋ ስናያት ወጣቲቱ ዐይኗን ከመሣሪያው ያልነቀለች ይመስላል፤ በመስተዋቱ ውስጥ ግን ፊቷ ወደ ሰውየው ዘንበል ብሎ ይታያል። ሠዓሊው በአንድ ሥዕል ውስጥ ሁለት እውነት አስቀመጠ፤ አንደኛው በሰው ፊት የሚታየው ጨዋነት ሲሆን፥ ሁለተኛው በልብ ውስጥ ያለው ነው። በዚያው መስተዋት ጥግ የሠዓሊው የሥዕል መደገፊያ እግር ብቅ ብሏል፤ ቬርሜር ራሱን ባይሣልም ሥራውን ቆሞ ይመለከት እንደ ነበረ በዚህ ጠቈመን።

ብርሃኑ ከግራ መስኮቶች ይገባል። መስኮቱ አጠገብ ያለው ግድግዳ ደማቅ ነው፤ ወደ ቀኝ እየራቀ ሲሄድ ግን ሳይታወቅ ጥቂት በጥቂት እየደበዘዘ ይሄዳል፤ የት ላይ ጥላ እንደ ሆነ ጣት ሊጠቁም አይችልም። ብዙ ሠዓልያን ጥላ ለመሥራት ጥቁርና ቡናማ ቀለም ይጨምሩ ነበር። ቬርሜር ግን ጥላ የብርሃን መጥፋት ብቻ እንዳልሆነ፥ የራሱ ቀለም እንዳለውና አጠገቡ ካለው ነገር ቀለም እንደሚበደር አስተዋለ። ስለዚህ በጥላው ውስጥ ሰማያዊ ቀለም ጨመረበት። ይህም ሰማያዊ ከአፍጋኒስታን ተራራ ከሚወጣ ላፒስ ላዙሊ ከተባለ የከበረ ድንጋይ ተፈጭቶና ታጥቦ የሚገኝ በመሆኑ እጅግ ውድ ነበር። ሌሎች ሠዓልያን ለክብር ልብስ ብቻ ቈጥበው ሲያወጡት እርሱ ማንም ልብ ለማይለው ጥላ አዋለው። ልጆቹ በበዙበትና ገንዘብ ባነሰበት ቤት ይህን ማድረጉ የሚያስደንቅ ነው።

አሠራሩን በተመለከተ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። በፊዚክስ ትምህርታችን እንደ ተማርነው ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ወይም በሌንስ በኩል ወደ ጨለማ ሣጥን ሲገባ የውጭውን ነገር ገልብጦ በግድግዳው ላይ ያሳያል። ቬርሜር በዚህ መሣሪያ ሳይጠቀም አልቀረም የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ከሞተ በኋላ በተቈጠረው የቤቱ ዕቃ ዝርዝር ውስጥ ግን እንዲህ ያለ መሣሪያ አልተገኘም። የተረጋገጠው ሌላ ዘዴ አለ። በብዙ ሥዕሎቹ ላይ መስመሮች ሁሉ በሚገናኙበት ነጥብ የመርፌ ቀዳዳ ተገኝቷል። ይኸውም በነጥቡ ላይ መርፌ ተክሎ፥ ጠመኔ የተቀባ ክር ወጥሮና ፈትሎ በመልቀቅ የመስኮቱንና የወለሉን መስመር ያወጣ ነበር። ሌላ ሠዓሊ በዓመት ብዙ ሥዕል ሲያወጣ እርሱ የሚፈጽመው ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ነበር። ዛሬ የቀሩት ሥራዎቹ በጠቅላላው ወደ 37 ያህል ናቸው።

ይህን ያህል ዝግተኛ የሆነ ሰው እንዴት ኖረ ቢባል፥ አንደኛ በአማቱ ርዳታ፥ ሁለተኛ አባቱ እንዳደረገው የሌሎችን ሥዕል በመነገድ፥ ሦስተኛም ፒተር ፋን ራይፈንና ሚስቱ ማሪያ ደ ክኑይት የተባሉ የዴልፍት ባለጸጎች ሥራዎቹን ስለሚገዙት ነው። ፋን ራይፈን በ1657 ዓ.ም. 200 ጊልደር አበድሮታል። በ1663 ዓ.ም. ባልታዛር ደ ሞንኮኒ የተባለ የፈረንሳይ መኰንን ወደ ዴልፍት መጥቶ ሠዓሊውን ቢጐበኝ የሚያሳየው አንድም ሥዕል በቤቱ አላገኘም። አንድ ዳቦ ጋጋሪ ግን የእርሱን ሥዕል ይዞ ነበርና ስድስት መቶ ሊቭር የተከፈለበት መሆኑን ሰምቶ ፈረንሳዊው ዋጋው በዛ ሲል ተገረመ። ከዚህ የምንረዳው ቬርሜር በሕይወቱ ሳለ በከተማው የተከበረ እንደ ነበረ ነው።

ከሚስቱ ከካታሪና ጋር 15 ልጆች ወለዱ፤ ከእነዚህም አራቱ በሕፃንነታቸው ሞቱ። የቀሩት አሥራ አንድ ናቸው። እስቲ አንባቢው ያስብ፤ አሥራ አንድ ልጆች በሚሮጡበትና በሚያለቅሱበት ቤት ውስጥ ያ ሁሉ ጸጥታ ከየት ተገኘ? በሥዕሎቹ ውስጥ አንድም ጊዜ ጫጫታ አይሰማም፤ በክፍሉ ውስጥ ሕፃን የሚጫወትበት ሥዕል እንኳ የለውም። የጐደለውን ነገር ሣለ ለማለት ያስደፍራል።

በ1672 ዓ.ም. መከራ መጣ። የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ አሥራ አራተኛ ከተባባሪዎቹ ጋር ሆላንድን ወረረ፤ እንግሊዝም በባሕር ዘመተባት። ሆላንዳውያን ጠላትን ለማገድ ግድባቸውን ሰብረው የራሳቸውን እርሻ በውኃ አጥለቀለቁት። በዚህም ምክንያት የማሪያ ቲንስ መሬት ሰጠመ፤ የሚገኘውም ገቢ ተቋረጠ። በጦርነት ጊዜ ሥዕል የሚገዛ ሰው ጠፋ፤ ቬርሜርም የራሱን ቀርቶ ለንግድ የያዘውን የሌሎችን ሥራ እንኳ መሸጥ አቃተው። በ1675 ዓ.ም. በሐምሌ ወር አምስተርዳም ሄዶ 1,000 ጊልደር ተበደረ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር በድንገት ታመመ። ሚስቱ በኋላ ለዳኞች እንዳስረዳችው፥ ልጆቹን የሚያበላበት በማጣቱ በጭንቀት ተይዞ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከጤና ወደ ሞት ደረሰ። ገና የ43 ዓመት ሰው ነበር። የተቀበረውም በዴልፍት አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ነው። አሥር ልጆቹ ለአካለ መጠን አልደረሱም ነበር።

ካታሪና የዳቦ ዕዳ ከ600 ጊልደር በላይ ስለ ነበረባት ለዳቦ ጋጋሪው ሁለት ሥዕሎች በመያዣነት ሰጠች፤ አንደኛው መሣሪያ የምትመታ ሴት፥ ሁለተኛው ደብዳቤ የምትጽፍ ወይዘሮ ነበር። ባልዋ እስኪሞት ድረስ ከቤቱ ያላወጣውንና የሥዕል ጥበብ የሚባለውን ሥራ ከባለ ዕዳዎች ለማዳን በእናትዋ ስም አዛወረችው፤ ይሁን እንጂ አልተሳካላትም። ዳኞች የንብረቱ ጠባቂ አድርገው የሾሙት አንቶኒ ፋን ሌቨንሁክን ነበር። ይህ ሰው በባዮሎጂ ትምህርት የምናውቀው፥ በራሱ በሠራው ማይክሮስኮፕ በዐይን የማይታዩትን ጥቃቅን ሕያዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ሊቅ ነው። እርሱና ቬርሜር በአንድ ዓመት በአንድ ከተማ ሲወለዱ በክርስትናው መዝገብም ቅርብ ለቅርብ ተጽፈዋል። አንደኛው በሌንስ ሌላው በቡርሽ ቢሠሩም ሁለቱም የኖሩት አጥብቆ በማየት ነው።

በ1696 ዓ.ም. ከፋን ራይፈን ወራሾች ቤት የወጡ 21 የቬርሜር ሥዕሎች በአምስተርዳም በሐራጅ ተሸጡ። የዴልፍት ከተማ መልክ 200 ጊልደር ሲያወጣ፥ የሙዚቃ ትምህርት 80 ጊልደር ብቻ አወጣ። ከዚያ በኋላ ሥዕሎቹ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ የሠዓሊው ስም እየጠፋ ሄደ። የእንግሊዝ ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ በ1762 ዓ.ም. የሙዚቃ ትምህርትን ከሌሎች ብዙ ሥዕሎች ጋር ሲገዛ የፍራንስ ፋን ሚሪስ ሥራ ነው ተብሎ ተነግሮት ነበር፤ ፊርማውን ሰው በትክክል አላነበበውም። አንድ ሰው ሳይሰረቅ ተሰረቀ ማለት ይህ ነው፤ ሥራው በቤተ መንግሥት ተሰቅሎ እየታየ ባለቤቱ ግን የለም።

ስሙን ከመቃብር ያወጣው ቴዎፊል ቶሬ የተባለ ፈረንሳዊ ጋዜጠኛ ነው። ይህ ሰው በሄግ ከተማ የዴልፍትን መልክ አይቶ ልቡ ስለ ተነካ፥ ይህን የሣለው ማን ነው እያለ ለብዙ ዓመታት ሲፈልግ ኖረ። በ1866 ዓ.ም. ያገኘውን ሁሉ ጽፎ አሳተመ። ወደ 70 ያህል ሥዕሎች የእርሱ ናቸው ብሎ ቢቈጥርም እኩሌታዎቹ ያህል የሌሎች ሆነው ተገኝተዋል፤ ቢሆንም መንገዱን የከፈተ እርሱ ነው። ነገር ግን ሰው ሁሉ ወዲያው አልሰማም። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚያውቃት የሉል ጕትቻ ያደረገችው ልጃገረድ በ1881 ዓ.ም. በሄግ በሐራጅ የተሸጠችው በ2 ጊልደር ከ30 ሳንቲም ነበር።

ስሙ ከገነነ በኋላ ደግሞ ሌላ ፈተና መጣ። ሃን ፋን ሜኸረን የተባለ ሆላንዳዊ ሠዓሊ የቬርሜርን አሠራር አስመስሎ አዲስ ሥዕል ሠራና አሮጌ አስመሰለው። በ1937 ዓ.ም. የሮተርዳም ሙዚየም የኤማሁስን እራት የሚያሳየውን ሐሰተኛ ሥዕል በብዙ ገንዘብ ገዛ፤ ታላላቅ ዐዋቂዎችም አደነቁት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከሐሰተኞቹ አንዱ ለጀርመኑ ሹም ለኸርማን ገሪንግ ስለ ተሸጠ በ1945 ዓ.ም. ፋን ሜኸረን የአገር ቅርስ ለጠላት ሸጠሃል ተብሎ ተያዘ። ራሱን ለማዳን ሥዕሉን የሣልሁ እኔ ነኝ ብሎ አመነ፤ በጠባቂዎች ፊትም ሌላ ሥሎ አሳየ። በ1947 ዓ.ም. አንድ ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ ቅጣቱን ሳይጀምርም ሞተ። ዛሬ እነዚያን ሐሰተኛ ሥዕሎች ያየ ሰው እንዴት ተታለሉ ብሎ ይገረማል። ምክንያቱ ሰዎቹ ያዩት ሥዕሉን ሳይሆን ስሙን መሆኑ ይመስለኛል። ጆርጅ ሦስተኛ እውነተኛውን በሌላ ስም ገዛ፤ ሙዚየሙ ሐሰተኛውን በእውነተኛው ስም ገዛ፤ ስሕተቱ አንድ ነው።

ሌቦችም አልተዉትም። ቶሬ ይዞት የነበረውንና የሙዚቃ ጉባኤ የሚባለውን ሥዕል ከእርሱ በኋላ ኢዛቤላ ስቲዋርት ጋርድነር የተባሉ አሜሪካዊት በ1892 ዓ.ም. ገዝተው በቦስተን ከተማ ሙዚየማቸው አኖሩት። በሥዕሉ ላይ አንዲት ወጣት ስትመታ፥ አንዲቱ ስትዘፍን፥ በመካከላቸው አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጦ ይታያል። መጋቢት 18 ቀን 1990 ዓ.ም. በሌሊት የፖሊስ ልብስ የለበሱ ሁለት ሰዎች ገብተው ይህንን ጨምሮ 13 ሥራዎችን ወሰዱ። ሥዕሉ እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ በሙዚየሙ ውስጥ የተሰቀለው ባዶ ክፈፍ ብቻ ነው። በለንደን የሚገኘው የጊታር መቺዋ ሥዕልም በ1974 ዓ.ም. ተሰርቆ ነበር፤ ያ ግን በጥቂት ወራት ውስጥ በአንድ የቤተ ክርስቲያን ግቢ ተገኘ።

በመጨረሻዎቹ ዓመታቱ የሣላቸው ሁለት ሥዕሎች በለንደን ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛሉ። በአንደኛው ወጣቲቱ በቨርጂናሉ ፊት ቆማ ብርሃኑ ከመስኮቱ ሙሉ ሆኖ ይገባል፤ ከኋላዋ ባለው ሥዕል የፍቅር ምልክት የሆነው ኩፒድ አንዲት ካርታ ከፍ አድርጎ ይዟል። ይህንንም ብዙዎች ለአንድ ብቻ መታመንን እንደሚያመለክት ይተረጕሙታል። በሁለተኛው ወጣቲቱ ተቀምጣለች፤ መስኮቱ በመጋረጃ ተጋርዶ ክፍሉ ደብዝዟል፤ ከግድግዳውም ላይ በገንዘብ የሚሸጥ ፍቅርን የሚያሳይ፥ የአማቱ ንብረት የነበረ ሥዕል ተሰቅሏል። ሁለቱ አብረው የታሰቡ መሆናቸው ባይረጋገጥም አስተያይቶ ለሚመለከት ሰው ብርሃንና ጥላ ስለ ሰው ልብ ምን ያህል ሊናገሩ እንደሚችሉ ይገልጹለታል። ቬርሜር ግን አይፈርድም፤ ሁለቱም ሴቶች ቀና ብለው እኛን ይመለከታሉ፤ ፍርዱን ለተመልካቹ ትቶታል።

በ2023 ዓ.ም. በአምስተርዳም ከተማ በራይክስ ሙዚየም ከየአገሩ የተሰበሰቡ 28 ሥዕሎቹ በአንድነት ሲታዩ 650,000 ያህል ሰው መጥቶ ተመለከታቸው። ዳቦ ለልጆቹ በዱቤ የገዛው ሰው ይህን አላየም። ክብር ከሞት በኋላ ቢመጣ ለሟቹ ምን ይጠቅመዋል የሚል ሰው ቢኖር ልንነቅፈው አንችልም፤ ካታሪናም እንዲሁ ብትል እውነት ነበራት። ዳሩ ግን ቬርሜር ለዝና ቢሠራ ኖሮ ቶሎ ቶሎ ብዙ ሥዕል በሣለ፥ ውዱንም ሰማያዊ ቀለም ማንም በማያየው ጥላ ላይ ባላዋለው ነበር። ነገሩን እንደሚገባው አድርጎ መሥራት ለእርሱ ራሱ ዋጋ ነበረው።

እኛም ተማሪዎች ስንሆን ከዚህ ሰው ታሪክ ሁለት ነገር ልንማር እንችላለን። አንደኛው፥ ለማየት ሩቅ አገር መሄድ ግድ እንዳልሆነ ነው፤ አንድ መስኮትና አንድ ግድግዳ ለሃያ ዓመት ያህል ትምህርት በቅተውታል። ሁለተኛው፥ ማንኛውንም ሥራ ስንመዝን ከላዩ የተለጠፈውን ስም ሳይሆን ሥራውን ራሱን በገዛ ዐይናችን መመርመር እንዳለብን ነው። ቶሬ እውነተኛውን ሠዓሊ ሊያገኝ የቻለው ማንም ሳያዝዘው በአንድ ሥዕል ፊት ቆሞ ረጅም ጊዜ ስለ ተመለከተ ነው። ጠዋት በክፍላችን መስኮት የሚገባው ብርሃን እስከ ጥቁር ሰሌዳው ድረስ ሲሄድ እንዴት እየተለወጠ እንደሚሄድ አንድ ጊዜ ልብ ብሎ ያየ ተማሪ፥ ቬርሜር ዕድሜውን ሙሉ ምን ሲፈልግ እንደ ኖረ ይገባዋል።